መንኮራኩሯ የተንሸራተተች ዕለት

እናቴ የመስክ ሥራ ትታ ቢሮ የገባችበትን ዓመት የልጅነቴ ምርጥ ዓመት አድርጌ ስቆጥር ነው ያደግሁት። ከዚያ በፊት እማዬ ማለት ሰንብታ ሰንብታ አቧራ ለብሳ የምትመጣ፣ ገላዋን ታጥባ እስክትወጣ በር ላይ ተገትሬ የምጠብቃት ሰው ነበረች። ከዚያ ወዲህ ግን በየማታው የምትገባ፣ ዳቦ ይዛ የምትመጣ፣ የቤት ሥራዬን አይታ "ይሄ ምንድነው፣ ዶሮ ጫረው እንዴ?" የምትለኝ እናት ሆነችልኝ። ይህን ሁሉ ያገኘሁት በአንዲት ትንሽ መንኮራኩር ምክንያት ነበር። መንኮራኩሯ ተንሸራተተች፣ እማዬ ተሳሳተች፣ እኔም እናቴን አገኘሁ። ነገሩን ለብዙ ዓመት የማውቀው በዚህ መልኩ ነው።

አባቴ ሌላ ቤት መሥርቶ ከሄደ ቆይቶ ስለነበር የምኖረው ከእማዬ ታላቅ እህት፣ ከአክስቴ ጋር ነበር። አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። ቤታችን ቀን ቀን የስፌት መኪና ድምፅ፣ የጨርቅ ቁርጥራጭና የማሽን ዘይት ሽታ ሞልቶት ይውላል። እጇ ለመርፌ፣ ምላሷ ለእህቷ የተፈጠረ ነበር። እማዬ ሻንጣዋን ባነሳች ቁጥር "ሂጂ እንግዲህ፣ ጉድጓዶችሽ ናፍቀውሻል። ልጅቷ እንደሆነች የኔ ናት" ትላታለች። እማዬ ስቃ፣ ጉንጬን ስማኝ ትወጣለች። የምትስቀው ግድ ስለማይሰጣት ይመስለኝ ነበር።

ሥራዋን ለክፍል ጓደኞቼ ማስረዳት ትልቅ ጣጣ ነበር። የአንዱ አባት ሾፌር ነው፤ የሌላዋ እናት ነርስ ናት፤ አለቀ። የእኔዋ እናት ግን ቆፋሪዎች የውሃ ጉድጓድ ቆፍረው ሲጨርሱ፣ ቧንቧ ከመግባቱ በፊት፣ ረጅም የብረት ቱቦ በኬብል አንጠልጥላ ወደ ጉድጓዱ የምታወርድ ሰው ናት። ሠራተኞቹ ቱቦውን "መልእክተኛው" ይሉታል። መልእክተኛው ከመሬት ሆድ እየተሳበ ሲወጣ፣ መኪናው ውስጥ ያሉት እስክሪብቶዎች ማንም ሳይነካቸው ወረቀት ላይ ወዲያና ወዲህ እያሉ ይጽፋሉ።

ዛሬ ሳስረዳው ቀላል ነው። ሸክላ አፈር በተፈጥሮው ጥቂት ጨረር አለው፤ ስለዚህ አንደኛውን እስክሪብቶ ወደ ቀኝ ይገፋዋል። አሸዋና ጠጠር ጭምት ናቸው፤ ወደ ግራ ይመልሱታል። ሁለተኛው እስክሪብቶ ኤሌክትሪክ እንዴት እንደሚያልፍ ስለሚያሳይ ውሃው ጨዋማ ይሁን ጣፋጭ ፍንጭ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ወንፊት ያለው ቧንቧ በአሸዋው ትይዩ፣ ድፍኑ ቧንቧ በሸክላው ትይዩ እንዲገባ ይደረጋል። ወንፊቱ ቦታውን ስቶ ሸክላ ፊት ከቆመ ያ ሁሉ ድካም ገደል ገባ ማለት ነው፤ ጉድጓዱ ጭቃ ይተፋል፣ አለዚያም ይደርቃል።

ያኔ ግን የገባኝ ሌላ ነበር። መልእክተኛው ታች ወርዶ ውሃውን ውጣልን ብሎ የሚለምነው ይመስለኝ ነበር። ይህንኑ ለመምህሬ ብነግራት ለአክስቴ ነገረቻት፤ አክስቴም ለአንድ ሳምንት ያህል "እናትሽ ለማኝ መቅጠሯን አላወቅሁም ነበር" እያለች ሳቀችብኝ።

ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሳለ አክስቴን የዩኒፎርም ትእዛዝ ወጥሮ ያዛት። ክፍሉ ውስጥ መቀመጫ እንኳ ጠፋ። ስለዚህ እማዬ ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ ወደ መስክ ይዛኝ ሄደች። ጉድጓዱ የሚቆፈረው ከከተማው ዳር፣ ከሆስፒታሉ አጥር ጀርባ ነበር። ሆስፒታሉ ውሃ የሚያገኘው በቦቴ ሲሆን ቦቴው የቀረ ቀን ነርሶቹ ጀሪካን ይዘው ወደ ቆፋሪዎቹ ይመጡ ነበር። ቆፋሪዎቹም ለማሽኑ ካመጡት ይቀንሱላቸዋል።

የቆፋሪዎቹ አለቃ ጋሼ ሹክሹክታ ይባል ነበር። ዕድሜውን በሙሉ ከማሽን ጋር ሲጮህ የኖረ ስለሆነ፣ ማሽኑ ጠፍቶም "ደህና አደርሽ" ሲል ወፎች ከዛፍ ይነሳሉ። እኔን "ኢንጂነር" ብሎ ጠራኝ፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የሱ ሆንኩ። ቀትር ላይ ትልቅ የብረት ቁር ደፍቶልኝ በማሽኑ ዙሪያ ያዞረኛል። ማታ ማታ ደግሞ በፎጣ የተቋጠረ ምግብ ይዞ ወደ ሆስፒታሉ ይሄዳል። ስንት ባልዲ ውሃ እንደሚበቃቸው ሊጠይቃቸው የሚሄድ መስሎኝ ነበር። ሚስቱ እዚያ ተኝታ እንደነበር፣ ሁለት ፅንስ ከእጇ ወጥቶ ሦስተኛውን ለማቆየት ከአልጋ እንዳትነሳ ታዛ እንደነበር ያወቅሁት አድጌ ነው።

እማዬ ዝም ብለሽ ተቀመጪ የምትል ሰው አይደለችም፤ ሥራ ሰጠችኝ። ኬብሉ ከሚጠቀለልበት ማሽን፣ ከዊንቹ ተነስቶ፣ ከጉድጓዱ አፍ በላይ በተተከለች መንኮራኩር ላይ አልፎ ይወርዳል። መንኮራኩሯ ስትዞር ቆጣሪው ይቆጥራል፤ መልእክተኛው የቱ ጋ እንደደረሰ የሚታወቀው በዚህ ነው። ኬብሉ ላይ ቀይ ፕላስተር ተጠምጥሟል። ቀዩ ምልክት ከጉድጓዱ አፍ እኩል ሲሆን ቆጣሪው ዜሮ ማሳየት አለበት። እማዬ ምልክቱን ታያለች፣ እኔ ቆጣሪውን አነባለሁ።

"ስንት ይላል?"

"ዜሮ።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ክብ ናት፣ ዜሮ ናት።"

መልእክተኛው ሲወርድ ዜሮ ብለን ሸኘነው፤ ሲመለስም ዜሮ ብለን ተቀበልነው። በማግሥቱ ጠዋት እማዬ ሁሉንም ነገር ደግማ ስትጀምረው የወደደችው ጨዋታ መሰለኝ። እንደገና ዜሮ፣ እንደገና ዜሮ። ወረቀቱን ከትናንቱ ጋር ደራርባ ወደ ፀሐይ አነሳችው። መስመሮቹ አንዱ በአንዱ ላይ ተኙ። ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን ፊቷ ቅጭም አለ።

ጋሼ ሹክሹክታ ቧንቧዎቹን ቆፋሪዎቹ በመዘገቡት ጥልቀት መሠረት ትናንት ከሰዓት መሬት ላይ በተራ አስደርድሮ ጨርሶ ነበር። ድፍን፣ ወንፊት፣ ድፍን፣ ወንፊት። የውሃ ሥራው ኃላፊ ከሆስፒታሉ ሰዎች ጋር ሊያዩት ስለሚመጡ ሁሉም ነገር ዝግጁ ይሁን ተብሏል። እማዬ ወረቀቷን ይዛ ወደ እሱ ሄደች። እኔ መኪናው ጥላ ሥር ተቀምጬ ጠጠር ስለቅም የሚያወሩትን እሰማለሁ፤ መስማት ከተባለ።

"ጋሼ፣ ከመሃል በታች አይገጥምም። አንተ አሸዋ ያልክበት ቦታ ላይ እኔ ሸክላ ነው ያለኝ።"

"መልእክተኛሽ ሰክሮ ይሆናል፤ ደግመሽ አውርጂው።"

"ሁለቴ አወረድኩት።"

"እኔ የማውቀው የመቆፈሪያ ዘንጌን ነው። ጥልቀቱን የያዝኩት ስንት ዘንግ እንደገባ ቆጥሬ ነው።"

"አንተ ነህ የቆጠርከው?"

ሰው ሲያስነጥስ እንኳ ምላሽ የሚሰጥ ሰውዬ ዝም ሲል ቀና ብዬ አየሁት። በእጁ የያዘውን ጨርቅ ያለፋዋል።

"እዚያ ጥልቀት የደረስን ማታ እሷ ጋ ነበርኩ" አለ በመጨረሻ። "ጠርተውኝ። ልጆቹ ናቸው ተራ የተቀባበሉት።"

እማዬ ድምጿን ዝቅ አድርጋ አንድ ነገር አለችው። እሱም አንገቱን ነቀነቀ። "ባለፈው ሥራ ጥዬ ስሄድ አስጠንቅቀውኛል" ሲል ሰማሁ። "ሁለተኛ ከሰማሁ ትሰናበታለህ ነው ያሉኝ። እሷን ምን ይዤ አስታምማለሁ?" እኔ የገባኝ ጋሼ የተቆጣው እማዬ ሥራውን ስላዘገየችበት ነው የሚል ነበር። በልቤም እማዬን ተቀየምኳት። እንዲህ ያለ ሰው ማስቀየም ምን ይሉታል።

ኃላፊው በመኪና ደረሱ። ቀጭን፣ ሸሚዛቸው ያልተጨማደደ፣ አቧራውን እየመረጡ የሚራመዱ ሰው ነበሩ። አብረዋቸው ሁለት የሆስፒታሉ ሰዎች አሉ። ሠራተኞቹ ቧንቧ ሊያነሱ ተዘጋጅተው ቆመዋል። እማዬ ወደ ኃላፊው ቀረብ ብላ፣ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ፣ ትምህርት ቤት እንደማያቸው ጥፋተኛ ልጆች ቆመች።

"ቧንቧው እንደገና መደርደር አለበት" አለች። "ትናንት የሰጠሁት ጥልቀት ስህተት ነበር። መንኮራኩሬ ተንሸራቶ ነበር፤ ዛሬ ደግሜ አስተካክዬዋለሁ።"

"ተንሸራቶ?" አሉ ኃላፊው።

"ጭቃ ይዞት ነው። ማጽዳት ነበረብኝ። እሱ የደረደረው በኔ ቁጥር ነው።"

ኃላፊው የሆስፒታሉን ሰዎች አዩ፤ ከዚያም እሷን። "እነዚህን ሰዎች ያመጣኋቸው ስህተት ሲታረም እንዲያዩ አልነበረም" አሉ። ሌላም ብዙ ተናገሩ፤ ቃሉ ባይገባኝም ድምፁ ገባኝ። እማዬ ጆሮዋ ቀላ። ጋሼ ሹክሹክታ አፉን ከፈተ፤ እማዬ ሳታየው እጇን ብቻ ትንሽ አነሳች። አፉን መልሶ ዘጋ። ቅጽል ስሙ ልኩ የሆነበት ቀን ያ ብቻ ነው።

ቧንቧዎቹ እንደገና ተደረደሩ። ወንፊቶቹ ቦታ ቀየሩ። በመጨረሻም አንድ ድፍን ቧንቧ ተረፈ፤ እኔ ሄጄ ተቀመጥኩበት።

"ይሄስ?" አሉ ኃላፊው።

"መጠባበቂያ ነው" አለች እማዬ፣ ጋሼ ሹክሹክታ ትንፋሹን ሳይሰበስብ።

ከሰዓት ላይ ጋሼን ብቻውን ከማሽኑ ጀርባ አገኘሁት። የዘይት ባልዲ ላይ ተቀምጧል። አሳዘነኝ። በአደባባይ ሳይጮህ፣ ሳይሳደብ፣ የእናቴን ጥፋት በዝምታ ያለፈላት መሰለኝ። ሄጄ ጉልበቱን ያዝ አደረግሁት።

"ጋሼ፣ አይዞህ። እማዬ ሁለተኛ አትሳሳትም። ስላልተቆጣሃት አመሰግናለሁ።"

አየኝ። ከዚያ ፊቱን በዚያ ዘይት በጠገበ ጨርቅ ሸፈነውና ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ዘይት ዓይኑ ውስጥ የገባ መስሎኝ ውሃ ላመጣለት ሮጥኩ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ፓምፑ ተነሳ። መጀመሪያ ቡናማ፣ ቀጥሎ የገረጣ፣ ከዚያ ጥርት ያለ ውሃ ተስፈንጥሮ ወጣ። ነርሶቹ ነጭ ልብሳቸውን ሰብስበው መጡ። እኔ ከነጫማዬ ገባሁበት። እማዬ በእጇ ቀድታ ቀመሰችና "ጣፋጭ ነው" አለች፤ ራቅ ብላም ለብቻዋ ቆመች። ጋሼ ሹክሹክታ በዚያ ድምፁ "ኢንጂነር፣ ታመሚያለሽ፣ ውጪ" እያለ ይጮሃል። ያን ውሃ ቅዝቃዜውን ሳይቀር አስታውሰዋለሁ፤ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ የሚያውቅም አይመስለኝም።

ከዚያ እማዬ ቤት ገባች። መኪናዋንና መልእክተኛዋን ለሌላ ሰው ሰጧቸው። እሷን በመሥሪያ ቤቱ ፎቅ ሦስተኛ ክፍል አስቀምጠው ሌሎች ከመስክ የሚልኩትን መስመር በንጹህ ወረቀት እንድትገለብጥ አደረጓት። አክስቴ "ይኸው ተመለሰች፣ መሬት ውስጥ የቀረ ነገር ከሌለ" አለች፤ ግን ያን ማታ የእህቷን ቀሚስ ሳትጠየቅ አጠበበችላት። እማዬ ከስታ ነበር። እኔ ከሲታነቱን ያማረባት ነገር አድርጌ ነው የማስታውሰው።

ጋሼ ሹክሹክታም ከሥራ በተመለሰ ቁጥር ቤታችን ይመጣል። የሚያፈስ ጣሪያ ይጠግናል፣ የላላ በር ያጠብቃል፣ ያልተበላሸ ቧንቧ ፈትቶ መልሶ ይገጥማል። አክስቴ "ይሄ ሰውዬ ቤቱን ሊገዛው ነው እንዴ?" ትላለች። በኋላ ሚስቱንና ትንሿን ሴት ልጁን ይዞ መጣ። ልጅቷን እማዬ ጭን ላይ አስቀመጣትና በዚያ በሚያስደነግጥ ድምፁ "ታቀፊያት፣ ያንቺም ናት" አለ። ሰው ሲደሰት የሚናገረው ነገር መስሎኝ አለፍኩት።

አድጌ ይህንኑ ሥራ ያዝኩ። ዛሬ እስክሪብቶ የለም፤ መስመሮቹ ኮምፒዩተር ላይ ይወጣሉ። መንኮራኩሯ ግን አለች። ባለፈው ወር አዲስ የተቀጠረች ልጅ ከጉድጓድ አፍ ላይ አቁሜ ሳስተምራት፣ መንኮራኩር ሲንሸራተት እንዴት እንደሚታወቅ ጠየቀችኝ። "ስህተቱ እየወረድሽ በሄድሽ ቁጥር ቀስ በቀስ ይጨምራል" አልኳት። "ሲመለስም ቆጣሪው ዜሮ ላይ አይመጣም። ልዩነቱ በድንገት ጀምሮ ልክ የአንድ ዘንግ ቁመት ከሆነ ግን መንኮራኩርሽን ተዪው፤ ቆፋሪዎቹ አንድ ዘንግ ሁለቴ ቆጥረዋል። ብዙ ጊዜ ተረኛ ሲቀያየር..."

እዚያ ላይ ቃሌ ተቋረጠ። ልጅቷ ያመመኝ መስሏት ክንዴን ያዘችኝ። ዜሮውን ያነበብኩት እኔ ነበርኩ። ጉድጓዱ ከተቆጠረው በአንድ ዘንግ ስላጠረ የተረፈው ቧንቧ ላይ የተቀመጥኩትም እኔ ነበርኩ። መረጃው ሁሉ ከልጅነቴ ጀምሮ እጄ ላይ ነበር።

ከሥራ በቀጥታ ወደ እማዬ ቤት ሄድኩ። ወጥ ቤት ተቀምጣ ድንች ትልጣለች።

"እማዬ፣ ያቺ መንኮራኩር እኮ አልተንሸራተተችም።"

"የትኛዋ?" አለች ቀና ሳትል፤ ስንት እንደተንሸራተተባት ሁሉ።

"የሆስፒታሉ።"

"ማን ነገረሽ?"

"ዜሮ ያልኩት እኔ ነኛ።"

ቢላዋውን አስቀመጠች። ከዚያ ሳቅ ያዛት፤ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። "ያን ቀን የፈራሁት ኃላፊውን እንዳይመስልሽ። አንቺን ነው የፈራሁት። መሃል ገብተሽ 'ኧረ እማዬ፣ ዜሮ ነበር' ብትይስ ብዬ።"

"ለምንድነው እንደዚያ ያልሽው?"

"ወንፊቱ ቦታውን እንዲይዝ አንዳችን መሳሳት ነበረብን። እሱ ከተሳሳተ ይባረራል፤ ሚስቱ በሽተኛ ናት። እኔን አያባርሩኝም ብዬ አሰብኩ። አላባረሩኝም። መኪናዬን ግን ወሰዱት። እሱን አላሰብኩትም ነበር።"

"ጋሼ ዝም አለ?"

"ኧረ የት ዝም ብሎ። ስንቴ መጣ መሰለሽ፣ 'ሄጄ ልናገር' እያለ። እኔ ነኝ ያስቆምኩት። 'አንተ ሥራህ ላይ ነህ፣ ሆስፒታሉ ውሃ አለው፣ እኔም ልጄ ጋ ነኝ፤ ምን ጎደለ?' እለው ነበር። እንግዲህ የሚነካው ሲያጣ ቧንቧ ይፈታል።"

"በእውነት ምንም አልጎደለብሽም?"

ድንቹን በእጇ አገላበጠችው። "ማታ ስትመጪ ዳቦ ይዘሽ ትመጪ ነበር አላልሽኝም አንድ ቀን? ዳቦ ቤቱ የት እንደነበር ታውቂያለሽ? አውቶቡሱ መጨረሻ ነው፣ የመኪናዎቹ ግቢ አጠገብ። የኛን ፌርማታ እያለፍኩ እዚያ እሄድ ነበር። በአጥሩ ቀዳዳ መኪናዬን አያለሁ። ጭቃ ለብሶ ከገባ የት ሄዶ እንደነበር እገምታለሁ። ከዚያ ዳቦ ገዝቼ እመለሳለሁ። ዓመታት እንደዚያ አደረግሁ።"

የልጅነቴ ምርጥ ነገር ያ ዳቦ ነበር፤ በር ላይ ተቀብያት ጫፉን ቆርሼ የምበላው። "እኔ ያን ጊዜ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር" አልኳት፤ እንደ ይቅርታም እንደ ስጦታም እያደረግሁት።

"አውቃለሁ። አይሽ ነበር። አንዳንድ ቀን እሱ ይበቃኝ ነበር።" ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሳችም። "አንዳንድ ቀን ደግሞ አይበቃኝም ነበር። ይህን ሰምተሽ እንዳትከፊ።"

አልከፋኝም። ይልቅ እናቴን ያን ሰዓት ያገኘኋት መሰለኝ። ያን ዓመት ሁለታችንም በአንድ ቤት ኖረንበታል፤ እኔ በደስታ፣ እሷ በናፍቆት፤ የኔም እውነት ነበር።

"ነገ ጉድጓድ አለኝ" አልኳት። "ሩቅ አይደለም። መኪናው ውስጥ ከጎኔ ቦታ አለ።"

"እኔ ደግሞ ምን አውቃለሁ አሁን፤ ሁሉ ነገር ኮምፒዩተር ሆኗል።" ያልተላጠውን ድንች ወደ ጎን ገፋች፣ እጇን በቀሚሷ አደራረቀች፣ ተነሳች።

"ጥልቀቱ ስንት ነው?" አለችኝ፤ መልሴን ሳትጠብቅም ጫማዋን ፍለጋ ወደ ጓዳ ገባች። የምንሄደው ነገ መሆኑን ነግሬያት ነበር።